ረጃጅም የደች ቃላት፦ በድምፅ ነው ወይስ በትርጉም የምትቆርጧቸው?

ጀማሪ_ሮተርዳም

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለቢ-1 (የመካከለኛ ደረጃ የደች ቋንቋ) ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። መናገሩ ብዙም አያስቸግረኝም። ሥራ ቦታም ሱቅም እግባባለሁ። የሚያደክመኝ ደብዳቤ ነው። ሰሞኑን ከመሥሪያ ቤቴ ስለ ኢንሹራንስ አንድ ወረቀት ደረሰኝ። መሃሉ ላይ የመስመሩን ግማሽ የያዘ አንድ ቃል አለ። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦ አርቤይትስኦንኸስኺክትሄይትስቨርዜከሪንግ።

አስተማሪያችን ረጅም ቃል ሲመጣ "አጨብጭቡ" ትለናለች። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ጭብጨባ ነው። እሺ ብዬ አጨበጨብኩ። አር-ቤይትስ-ኦን-ኸ-ስኺክት-ሄይትስ-ቨር-ዜ-ከ-ሪንግ። አሥር ሆነ። አሁን ቃሉን ሳልደናቀፍ አነበዋለሁ። ትርጉሙ ግን አሁንም አልገባኝም። እናንተ እንዲህ ያለውን ቃል ከየት ነው የምትጀምሩት?

ሰዋስው_ወዳጅ

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

አስተማሪህ ያለችው ልክ ነው፤ ግን ለሌላ ሥራ ነው። የደች ቃል ሁለት ዓይነት አቆራረጥ አለው። አንዱ የድምፅ ነው። ደቾች ሌተርኽሬፕ ይሉታል፤ እኛ በግጥም ትምህርት ቀለም የምንለው ማለት ነው። ሌላው የትርጉም ነው። ቃሉ ከየትኞቹ ትናንሽ ቃላት እንደተገጣጠመ ታያለህ። ጭብጨባ የሚሰጥህ የመጀመሪያውን ነው። ደብዳቤ ለመረዳት የሚያስፈልግህ ግን ሁለተኛው ነው።

ለትርጉም ከመጨረሻው ጀምር። ዋናው ነገር የሚቀመጠው እዚያ ነው። ያንተ ቃል የሚያልቀው በቨርዜከሪንግ ነው። ኢንሹራንስ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ የቱንም ያህል ቢረዝም የሆነ ኢንሹራንስ ነው። የቀረው ሁሉ "የምን ኢንሹራንስ?" ለሚለው መልስ ነው።

አሁን ወደ ፊት ሂድ። መጀመሪያው አርቤይት ነው፤ ሥራ። መሃል ላይ ኦንኸስኺክትሄይት አለ። እሱንም ክፈተው። ኸስኺክት ማለት ብቁ፣ የሚመጥን። ፊቱ ያለችው ኦን አፍራሽ ናት። ኋላው ያለው ሄይት የእኛ "-ነት" ነው። ብቁ አለመሆን ማለት ነው። ሲገጣጠም፣ ሰው ታሞ ወይም ተጎድቶ መሥራት ሲያቅተው ገቢውን የሚተካ ኢንሹራንስ ይሆናል።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። "ኢፍትሐዊነት" የሚለውን ቃል ተመልከት። ኢ፣ ፍትሐዊ፣ ነት። ደቹ ኦንሬኽትፋርደኽሄይት ነው። ኦን፣ ሬኽትፋርደኽ፣ ሄይት። ቁራጭ በቁራጭ ይገጥማል። "ተስፋ ቢስ" ደግሞ ሆፐሎስ ነው። ሆፕ ተስፋ፣ ሎስ ቢስ። ሎስ ብለህ ቢስን ካወቅክ ቬርክሎስ (ሥራ የሌለው) አይጠፋህም። ከዚያ ቬርክሎስሄይት (ሥራ አጥነት) ይመጣል። ከዚያ ቬርክሎስሄይትስኧይትኬሪንግ፣ ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለው ድጎማ።

ቃልህ ውስጥ ሁለት ቦታ የገባችው "ስ" ትርጉም የላትም። ማያያዣ ናት። ለአንባቢ ግን ትልቅ ውለታ ትውላለች። በኢንግ፣ በሄይት ወይም በቴይት የሚያልቅ ቃል ሌላ ቃል ሲከተለው አብዛኛውን ጊዜ ይህችን ስ ይይዛል። ስለዚህ በረጅም ቃል መሃል "ሄይትስ" ወይም "ኢንግስ" ካየህ መቁረጫው እዚያ ነው።

ጀማሪ_ሮተርዳም

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሳጨበጭብ "ዜ-ከ-ሪንግ" ነው የሚሆነው። መጨረሻው ሪንግ ነው። አንተ ደግሞ ኢንግ ትላለህ። "ር" የማን ናት?

ሰዋስው_ወዳጅ

በትርጉም የፊተኛው ናት። ግንዱ ዜከር ነው፤ እርግጠኛ ማለት። በአፍ ስትወጣ ግን ወደ ተከታዩ አናባቢ ትሄዳለች። ሁለቱ አቆራረጦች የሚለያዩት እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ሕጉ ይህ ነው። ግንድ ላይ እንደ ኢንግ ያለ ቅጥያ ሲጨመር ተነባቢው ወደ ቅጥያው ይሻገራል። ሁለት ሙሉ ቃላት ሲጋጠሙ ግን አይሻገርም። ኪንደርኦፕቫንግን ውሰድ፤ የሕፃናት ማዋያ ማለት ነው። ኪንደር ልጆች ነው፣ ኦፕቫንግ ተቀብሎ ማቆየት። የሚቆረጠው ኪን-ደር-ኦፕ-ቫንግ ተብሎ ነው። "ኪን-ደ-ሮፕ-ቫንግ" አይደለም። የሁለት ቃላት መጋጠሚያ ድንበር ነው፤ ፊደል አያልፈውም። ጽሑፍ ላይ መስመር ሞልቶ ቃሉ ለሁለት ሲሰበርም ይኸው ድንበር ይከበራል።

ቀጥታ_ንባብ

ይቅርታ፣ እኔ አልስማማም። ደቾች ሲያነቡ አይቆራርጡም። ቃሉን እንዳለ ነው የሚያውቁት። እኛም በብዛት እያነበብን እንዳለ ብንይዘው ይሻላል። ሰው ለፈተና እየተዘጋጀ ቅጥያና ግንድ ሲለይ ጊዜው ያልቃል።

ነርስ_ዴንሃግ

ወንድሜ፣ በብዛት ማንበቡን እደግፋለሁ። እንዳለ መያዙ ግን አያዋጣም፤ ምክንያቱም ቃላቱ አያልቁም። ደቾች በየቀኑ አዲስ ይገጥማሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ የቫን ዳለ መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ተብሎ የተመረጠውን አስታውስ። አንደርሃልቨሜተርሳመንሌቪንግ። ከዚያ ዓመት በፊት ማንም በቃሉ ሊይዘው አይችልም ነበር። ቆርጦ ማንበብ ለሚችል ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። አንደርሃልቨ አንድ ተኩል፣ ሜተር ሜትር፣ ሳመንሌቪንግ ማኅበረሰብ። ሰው ሁሉ አንድ ሜትር ተኩል ተራርቆ የሚኖርበት ማኅበረሰብ ማለት ነው።

እኔ ሥራ ላይ የማየውን ልንገራችሁ። ብሉትድሩክሜተር የሚባል ዕቃ በየክፍሉ አለ። ብሉት ደም፣ ድሩክ ግፊት፣ ሜተር መለኪያ። የደም ግፊት መለኪያ! ቅደም ተከተሉ እንኳን አልተቀየረም። ፔይንስቲለር ደግሞ አለ። ፔይን ሕመም፣ ስቲለር ማስታገሻ። እኛ "የ" ጨምረን ወይም ክፍተት ትተን የምንጽፈውን እነሱ አጣብቀው ይጽፉታል። ልዩነቱ ይኸው ነው። አዲስ ለሚመጡ ልጆች መጀመሪያ የማሳያቸው ይህንን ነው፤ ፍርሃታቸው ወዲያው ይቀንሳል።

ፊደል_ቆጣሪ

ነርስ ያለችው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ ውስጥ ሁለቱም ቅደም ተከተል አለ። "ትምህርት ቤት" እና "አየር መንገድ" ዋናውን ቃል መጨረሻ ያደርጋሉ። ደች እንዲህ ነው። "ቤተ መጻሕፍት" እና "ቤተ መንግሥት" ግን ከግዕዝ የመጡ ናቸው፤ ዋናው ፊት ነው። ደች ስታነቡ "ትምህርት ቤት"ን አስቡ፣ "ቤተ መጻሕፍት"ን ተዉት።

አንጋፋው_ዴልፍት

ልጆች፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። እኔ እዚህ አገር ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። ስለ መቁረጫ ቦታ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። አንዳንድ ቃል ሁለት ቦታ ይቆረጣል፤ ሁለቱም ትርጉም ይሰጣል።

ዴይክራምፕ የሚለውን እዩ። ዴይክ-ራምፕ ብትሉት የግድብ አደጋ ነው። ዴይ-ክራምፕ ብትሉት የጭን ጡንቻ መኮማተር ነው። ፊደሉ አንድ ነው። ክዋርትስላኸንም እንዲሁ ነው። ክዋርት-ስላኸን ሩብ ዙሮች፣ ክዋርትስ-ላኸን የኳርትዝ ድንጋይ ንብርብሮች። ቫልከይልም አለ። ቫል-ከይል የወጥመድ ጉድጓድ፣ ቫልክ-ኧይል ደግሞ የወፍ ስም፣ ጭልፊትና ጉጉት አንድ ላይ። እዚህ ላይ ጭብጨባ አያድናችሁም። የሚለየው ዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ ስፖርት እየተወራ ከሆነ ጭኑን ያዙ፤ ስለ ባሕር ከሆነ ግድቡን።

ራምፕ የሚለውን ቃል ደግሞ በደንብ እወቁት። ዋተርስኖትራምፕ የሚባል ቃል በዜላንድና በደቡብ ሆላንድ በኩል ስትሄዱ ታዩታላችሁ። ዋተር ውሃ፣ ስ ማያያዣ፣ ኖት ጭንቅ፣ ራምፕ አደጋ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1953 ሌሊት ባሕሩ ግድቦቹን ሰብሮ ገብቶ በኔዘርላንድ 1,836 ሰው ሞተ። የዴልታ ግድቦች ሥራ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ያንን ቃል ቆርጦ የሚያነብ ሰው ታሪኩንም አብሮ ያገኛል።

ጀማሪ_ሮተርዳም

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ቁራጮቹን ደምሬ ትርጉሙ የማይመጣበትስ ጊዜ አለ?

አንጋፋው_ዴልፍት

አለ እንጂ። ሃንትስኹን ሃንት (እጅ) እና ስኹን (ጫማ) ነው፤ ትርጉሙ ጓንት ነው። ስኺልትፓት ጋሻ እና ጓጉንቸር ነው፤ ትርጉሙ ኤሊ ነው። እንደነዚህ ያሉት የቆዩ፣ አጫጭር የቤት ቃላት ናቸው። እነሱን እንዳሉ ያዟቸው። ከመንግሥትና ከኢንሹራንስ የሚመጡት ረጃጅሞቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቁራጮቻቸው ድምር ናቸው። ሲረዝም ነው የሚቀልለው።

እናት_ኡትሬክት

እኔ ደግሞ ስለ ጭብጨባው ልከራከርለት፤ ሁላችሁም ወደ ትርጉሙ አደላችሁ። ለመጻፍ ከጭብጨባ ውጭ መንገድ የለም። ልጄ በትምህርት ቤት የምትማረውን አብሬያት ስለማጠና አውቀዋለሁ።

ሁለት ቃል እንያዝ። ማን፣ ወንድ ማለት ነው፤ በአንድ አ ይጻፋል፤ ድምፁ አጭር ነው። ሌላው ደግሞ ማን፣ ጨረቃ ማለት ነው፤ በሁለት አ ይጻፋል፤ ድምፁ ረጅም ነው። በእኛ ፊደል ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። አሁን ብዙ ቁጥር እናድርጋቸው። ጨረቃዎች ማ-ነን ነው። የመጀመሪያው ቀለም በአናባቢ ያልቃል፤ ክፍት ነው። ክፍት ቀለም ላይ አናባቢው በራሱ ረጅም ነው፤ ስለዚህ አንዷ አ ትወጣለች። ወንዶች ማን-ነን ነው። የመጀመሪያው ቀለም በኤን ተዘግቷል። አጭር ሆኖ እንዲቆይ ኤን ሁለት ጊዜ ትጻፋለች።

ልጆቹ ይህንን የሚማሩት በሌተርዲፍ ነው፤ ፊደል ሌባ ማለት ነው። ረጅም ድምፅ ቀለሙ መጨረሻ ላይ ሲቀር ሌባው መጥቶ አንዷን አናባቢ ይወስዳል። አጭር ድምፅ ከሆነ ደግሞ ተነባቢው ይደገማል። ቦም (ዛፍ) በሁለት ኦ ነው፤ ዛፎች ሲሆን ቦ-መን፣ በአንድ ኦ። ቦም (ፈንጂ) በአንድ ኦ ነው፤ ሲበዛ ቦም-መን፣ በሁለት ኤም። የት እንደሚቆረጥ ያላወቀ ሰው "አትክልት ቦታው ውስጥ ዛፎች አሉ" ብሎ ሊጽፍ አስቦ ፈንጂዎች ብሎ ይጽፋል። ፈተና ላይም የሚያስቀንሰው ይህ ነው።

ፊደል_ቆጣሪ

እህቴ፣ ይህን በማንሳትሽ ደስ ብሎኛል። ለአማርኛ ተናጋሪ ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው፤ ሲነገርም አልሰማሁም።

እኛ ማጥበቅ አለን። "አለ" ሲጠብቅ መኖር ነው፣ ሲላላ መናገር ነው። "ገና" ሲላላ ጊዜ ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። ድምፁን እናጠብቃለን፤ ጽሑፋችን ላይ ግን ምንም ምልክት አናደርግም። ደች በተቃራኒው ነው። ሁለት ኤን ይጽፋል፤ አፉ ግን አንድ ኤን ብቻ ነው የሚለው። ድርብ ተነባቢው ስለ ተነባቢው አይደለም የሚነግረን። "ከፊቴ ያለው አናባቢ አጭር ነው" ነው የሚለው። የእኛ ሰው ግን ድርብ ፊደል ሲያይ ያጠብቃል። ማንነን ብሎ ኤኑን ይረግጠዋል። ደቹ ሊሰማ የሚፈልገው ደግሞ የአናባቢውን ማጠር ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ተነባቢውን ልቀቁት፤ አናባቢውን አሳጥሩት።

ሁለተኛው ደግሞ ሳድስ ነው። ደብተራችን ላይ የደች ቃል በፊደላችን እንጽፋለን፤ እዚህም እንደዚያው እያደረግን ነው። ግን "ስ" አንዳንዴ አናባቢ አላት፣ አንዳንዴ የላትም። አማርኛ አንባቢ ተነባቢ ሲደረደርበት መሃሉ ላይ ትንሽ እ ያስገባል። ሄርፍስት (መጸው) ደች ላይ አንድ ጭብጨባ ነው። የእኛ ሰው ሄር-ፍስት ብሎ ሁለት ያደርገዋል። አንግስትስኽሬው የሚባል ቃል አለ። አንግስት ፍርሃት፣ ስኽሬው ጩኸት። በእነሱ ጽሑፍ መሃሉ ላይ ስምንት ተነባቢ ፊደላት ያለ አናባቢ ተከታትለው ቆመዋል። ቀለሙ ግን ሁለት ብቻ ነው። እ እያስገባን ብናነበው ቀለሙ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ድምፅ ለመያዝ ደብተር ላይ በእኛ ፊደል የሚጽፍ ሰው በየቀለሙ መካከል ጭረት ያድርግ። በሁለት ጭረት መካከል አንድ አናባቢ ብቻ ይኖራል።

ነርስ_ዴንሃግ

እውነት ነው። ግን ደቾችም ራሳቸው አንዳንዴ ያስገባሉ። ሜልክ (ወተት) ብለው ይጽፋሉ፤ ብዙዎቹ ሜለክ ነው የሚሉት። ፊልምን ፊለም ይላሉ። ከኤል ወይም ከኤር በኋላ ነው የሚሆነው። እዚያ ላይ የእኛ አፍ ችግር የለበትም።

ከዚያው ጋር ጭነትንም፣ ማለትም ድምፅ ከፍ አድርገን የምንጫንበትን ቀለም፣ እንያዝ። ቮርኮመን የሚባል ቃል አለ። ቮር ላይ ብትጫኑ "መከሰት" ነው። ኮ ላይ ብትጫኑ "መከላከል" ነው። ፊደሉም ቀለሙም አንድ ነው። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን ይለያያል። መከሰት የሆነው ይገነጠላል፤ "ኮምት ቮር" ይሆናል። መከላከል የሆነው አይገነጠልም፤ "ቮርኮምት" ይሆናል። የእኛ ሥራ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአልጋ ቁስል ይከሰታል ማለትና የአልጋ ቁስልን ይከላከላል ማለት ሰማይና ምድር ነው። ለተረኛው ሪፖርት ስጽፍ ሁልጊዜ ደግሜ አያለሁ።

ቀጥታ_ንባብ

ስለ ደ እና ሄት፣ እንደ እንግሊዝኛው "ዘ" ከስም ፊት ስለሚገቡት ሁለቱ ትናንሽ ቃላት፣ የሚያውቅ ካለ ደግሞ ይንገረን። ረጅም ቃል ሲሆን የትኛውን ነው የሚይዘው? ይህን እንዳለ ከመሸምደድ ውጭ መንገድ ያለ አይመስለኝም።

ሰዋስው_ወዳጅ

መንገድ አለ። የመጨረሻው ቁራጭ ይወስናል። ኧይስ (ቤት) ሄት ነው፤ አርትስ (ሐኪም) ደ ነው። ኧይስአርትስ፣ የቤተሰብ ሐኪሙ፣ መጨረሻው አርትስ ስለሆነ ደ ይሆናል። ፊቱ ላይ ያለው ቤት ምንም አይወስንም። ዚከንኧይስ (ሆስፒታል) ግን መጨረሻው ቤት ነው፤ ሄት ነው። ቅጥያም እንደዚሁ ነው። በሄይት የሚያልቅ ደ ነው። ከግሥ ወጥቶ በኢንግ የሚያልቅም ደ ነው። ስለዚህ ቨርብሌይፍስቨርኹኒንግን (የመኖሪያ ፈቃድ) አንድም ጊዜ ሰምታችሁት ባታውቁ እንኳ ደ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ብዙ ቁጥሩንም የሚወስነው መጨረሻው ነው። ሄይት ሲበዛ ሄደን ይሆናል፤ ሞኸለክሄይት (ዕድል፣ አማራጭ)፣ ሞኸለክሄደን።

የሄንግሎ_ሯጭ

ዘግይቼ ገባሁ። ስለ ክፍተት አንድ ጉዳይ አለኝ፤ ለእኛ ሰዎች ቅርብ ነው።

እዚህ ሄንግሎ ውስጥ በየዓመቱ በታዋቂዋ የደች ሯጭ በፋኒ ብላንከርስ-ኩን ስም የሚካሄድ የአትሌቲክስ ውድድር አለ። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1998 የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ የሰበረው እዚህ ነው። ቀነኒሳ በቀለም በ2004 የ5,000 ሜትሩን በ12:37.35 እዚሁ ሰብሯል። የደች ስፖርት ጸሐፊ እነሱን የሚጠራበት ቃል ላንገአፍስታንትስሎፐር ነው። ላንገ ረጅም፣ አፍስታንት ርቀት፣ ስ ማያያዣ፣ ሎፐር ሯጭ። አንድ ላይ ተጣብቆ ሲጻፍ የረጅም ርቀት ሯጭ ነው። ከላንገ በኋላ ክፍተት ብታስገቡ ግን "ረጅሙ የርቀት ሯጭ" ይሆናል፤ ቁመቱ ረጅም ማለት ነው። ኃይሌ ደግሞ ቁመቱ ረጅም አይደለም። አንዲት ባዶ ቦታ ዓረፍተ ነገሩን ውሸት አደረገችው።

ይህ ክፍተት የማስገባት ልማድ ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው የሚመጣው። ደቾች ራሳቸው "የእንግሊዝ በሽታ" ይሉታል። ሱቆች ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ይታያል። እኛም ስልካችን በራሱ ሲያስተካክል ክፍተት ያስገባብናል። ተጠንቀቁ።

አሁን ሲፋን ሐሰንን እንውሰድ። አዳማ ተወልዳ በ2008 ወደ ኔዘርላንድ የመጣች፣ በ2024 ፓሪስ ላይ ማራቶን ያሸነፈች። ለሴት ሲሆን ሎፐር አይባልም፤ ሎፕስተር ነው። እናት_ኡትሬክት ያስረዳችውን እዚህ ላይ ተመልከቱ። ሎ-ፐር፦ ሎ ክፍት ስለሆነ አንድ ኦ። ሎፕ-ስተር፦ ሎፕ በፔ ስለተዘጋ ሁለት ኦ። ግሡ ሎ-ፐን በአንድ ኦ፣ "እሮጣለሁ" ሲል ሎፕ በሁለት ኦ። ድምፁ አልተቀየረም። የተቀየረው መቁረጫው ብቻ ነው።

እናት_ኡትሬክት

ይህንንማ ለልጄ አሳያታለሁ። ሲፋንን በጣም ትወዳታለች።

ጀማሪ_ሮተርዳም

ሌላ ጥያቄ ይኖረኛል። ማያያዣዋ አንዳንዴ ስ ናት፣ አንዳንዴ ኤን ናት፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም የለም። ፓነኩክ (ፓንኬክ) ላይ ኤን አለች፤ ማንም ሲላት ግን አልሰማሁም። ለምን ትጻፋለች?

አንጋፋው_ዴልፍት

ይህች ኤን አገሩን ስንት ዓመት ያከራከረች ናት። ድሮ ያለ ኤን ነበር የሚጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1995 የአጻጻፍ ሕጉ ሲሻሻል፣ የፊተኛው ቃል ሲበዛ በኤን ብቻ የሚያልቅ ከሆነ መሃል ላይ ኤን ይግባ ተባለ። ፓን (መጥበሻ) ሲበዛ ፓነን ነው፤ ስለዚህ ኤን ገባች። አንድ ብቻ የሆነ ነገር ግን አይይዛትም። ዞነስኸይን (የፀሐይ ብርሃን) ኤን የለውም፤ ፀሐይ አንድ ናትና። ኮኒንኺነዳኽ፣ የንግሥቲቱ ቀን፣ እንዲሁ ያለ ኤን ነበር። በ2013 ንጉሥ ሲነግሥ፣ ከ2014 ጀምሮ በዓሉ ኮኒንግስዳኽ ሆነ። ማያያዣውም አብሮ ወደ ስ ተለወጠ።

ፓርደንብሉም የሚባል የሜዳ አበባ አለ፤ ፓርት ፈረስ፣ ብሉም አበባ። በ1995 እንስሳና ተክል ሲጋጠሙ ኤን አይግባ ተብሎ ነበር። በ2005 ያ ተሻረና ኤን ገባች። ብዙ ሰው ተማረረ። አንዳንድ ጋዜጦችና ኦንዘ ታል የተባለው የቋንቋ ማኅበር በ2006 በዚህ ላይ ሰፋ ያለ ነፃነት የሚሰጥ የራሳቸውን አጻጻፍ ይዘው ወጡ። ለፈተና ግን ይፋዊውን ተከተሉ። ስትናገሩ ደግሞ ኤኗን ተዉአት፤ ብዙ ሰው አይላትም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የ2005ቱ ማሻሻያ ጥሩ ነበር። ለሚማር ሰው ሕግ ሲያንስ ይሻለዋል።

አዲስ_አርንሄም

ሰላም፣ ሁሉንም አነበብኩት። አንድ ቃል ልጣልላችሁ። ታምሜ ከሥራ ቀርቼ ነበር፤ ከሥራ ውሌ ላይ ያገኘሁት ነው። ሎንዶርበታሊንግስቨርፕሊኽቲንግ። ከመጨረሻው ስጀምር ቨርፕሊኽቲንግ ግዴታ ነው። ኢንግስ ስላለች መቁረጫው በታሊንግስ ላይ ነው። በታሊንግ ክፍያ ነው። ሎን ደመወዝ ነው። መሃል ያለችው ዶር ግን አስቸገረችኝ። ዶር "በ...በኩል፣ አልፎ" ማለት አይደለም እንዴ? የደመወዝ በኩል ክፍያ ግዴታ?

ሰዋስው_ወዳጅ

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ አቆራረጥህ ጥሩ ነው። የቀረው አንድ እርምጃ ነው። ቁራጮቹ ሁሉም እኩል አይጣበቁም። መጀመሪያ እርስ በርስ የሚፈላለጉት ይጋጠማሉ። ዶር ከሎን ጋር አይሄድም፤ ከበታሊንግ ጋር ነው። ዶርበታለን የሚባል ግሥ አለ። እዚህ ላይ ዶር "ሳያቋርጡ መቀጠል" ነው። ዶርሎፐን መሄዱን መቀጠል፣ ዶርቬርከን መሥራቱን መቀጠል። ስለዚህ ዶርበታሊንግ ክፍያ አለማቋረጥ ነው። ሎን ሲጨመርበት ደመወዝ ሳያቋርጡ መክፈል። በመጨረሻ ግዴታው። በአፍ ስምንት ቀለም ነው፦ ሎን-ዶር-በ-ታ-ሊንግስ-ቨር-ፕሊኽ-ቲንግ። ጭነቱ ፊት ላይ፣ ሎን ላይ ነው።

ነርስ_ዴንሃግ

ቃሉ ደግሞ ያንተ መብት ነው፤ በደንብ አንብበው። ሠራተኛ ሲታመም አሠሪው እስከ 104 ሳምንት ድረስ ቢያንስ የደመወዙን 70 በመቶ መክፈሉን መቀጠል አለበት። ውልህ ላይ ከዚያ ከፍ ያለ ቁጥር ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል ከቃሉ በኋላ ያለውን ዓረፍተ ነገር እዚህ ጻፍልንና አብረን እንየው።

አዲስ_አርንሄም

አመሰግናለሁ። ማታ ከሥራ ስገባ እጽፈዋለሁ፤ እዚያው ገጽ ላይ ሌሎች ሁለት ረጃጅሞችም አሉ።